ባዳ ጆሮ

ሰኞ፣ ዝናቡ የጀመረ ዕለት

የሆቴሏ ሴትዮ ገንቦዎቿን መኪና ላይ ጭና መጣች። ትዕዛዝ ልትጨምር መስሎኝ የጭቃ እጄን እንኳ ሳልታጠብ ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ለካ ልትመልስ ኖሯል። «ያነባሉ» አለችኝ። ውሃ ሞልታ ያሳደረችባቸው ጠረጴዛዎች ረጥበው አደሩ፣ እንግዶቿ ፊት አፈረች። አንዱን አንስቼ ወደ ብርሃኑ አዞርኩት። ከአንገቱ ዝቅ ብሎ የፀጉር ያህል የቀጠነ ስንጥቅ አለው።

የኮረኮምኳቸው እኔ ነኝ። ሁሉንም።

በእኛ ቤት ኩርኩም ያልቀመሰ ዕቃ ከበር አይወጣም። አባዬ ከአባቱ፣ እኔ ከአባዬ የወረስነው ይሄንን ነው፤ ጭቃውንማ ማንም ያቦካዋል። ከእቶን የወጣውን ገንቦ ግራ መዳፍሽ ላይ ታስቀምጪያለሽ፣ በቀኝ እጅሽ የጣት አንጓ ሆዱን ትኮረኩሚያለሽ፣ ታዳምጪያለሽ። ጤነኛው እንደ ደወል ይጮኻል፣ ጩኸቱም ቶሎ አይሞትም። ስንጥቅ ያለው ዷ ብሎ ዝም ነው። ያልጮኸ ይሰበራል፤ ፈራጁ ራሱ፣ እዚያው እቶኑ አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ይሰብረዋል። በርካሽ አይሸጥም፣ አይለጠፍም፣ ለጎረቤት በነፃ አይሰጥም። ከዕቃዎቻችን ግርጌ ማህተም የለም፣ ፊርማ የለም። «ስማችን ድምፁ ነው» ይል ነበር አባዬ። «ገንቦ አይዋሽም። ከዋሸ የዋሸው ጆሮ ነው።»

ታዲያ እነዚህ እኔ ሲጮኹ ሰምቼ ያሳለፍኳቸው እንዴት አነቡ? መቼም መደርደሪያ ላይ ተቀምጠው ራሳቸውን አልሰነጠቁም። አንድ ሰው ለውጧቸዋል።

ለሴትዮዋ ሌላ እሠራልሻለሁ አልኳት። ለአዲሱ አዳራሿ ምረቃ የሚሆኑ ገንቦዎችና መግቢያው ላይ የሚቆም አንድ ትልቅ ጋን ፈልጋለች። «እንዳትቀየሚኝ» አለች፣ «እነዚህም ካነቡ ግን ወደ ፋብሪካ ዕቃ ነው የምሄደው። እኛ የሆቴል ሰዎች ደግሞ እንተዋወቃለን።» ምን ማለቷ እንደሆነ ገብቶኛል። አንዷ ከሄደች ሁሉም ይሄዳሉ፣ አባዬ የተቀመጠበት የኩርኩም በርጩማ ላይ ሸረሪት ያደራበታል። በእኔ እጅ! በእኔ ዘመን!

ማክሰኞ

ጭሱን ጠየቅኩት። ጭሱ ከአባዬ ዘመን ጀምሮ እቶናችንን የሚያነድ ሰው ነው፤ እውነተኛ ስሙን ራሱም የሚያስታውሰው አይመስለኝም። «ምን ላድርግልሽ አለቅዬ፣ እሳት ካየው ምን ለየው» ብሎ ሳቀ። ከዚያ ወደ ወንድሜ ሚስት ዞሮ አንሾካሾከ። እሷም መልሳ አንሾካሾከች።

ከመቼ ወዲህ ነው በዚህ ቤት ሰው ሁሉ እንደ ሌባ የሚያወራው?

ረቡዕ

ስለ ወንድሜ ሚስት ልጻፍ፣ ካልጻፍኩት ሊያፈነዳኝ ነው።

ወደዚህ ቤት የመጣችው ከልብስ ሰፊ ቤት ነው። ጭቃ ጫማዋ ላይ ካልሆነ በቀር አይታ አታውቅም ነበር። እማዬ ቅብ አስተማረቻት። እጇ ቀጥ ያለ ነው፣ አልክድም፤ አንድ መስመር ስትስል በገመድ የተለካ ይመስላል። እኔን «እትዬ፣ እርስዎ» ትለኛለች። ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ገበታ ቀርበን አሁንም «እርስዎ»። አክብሮት ነው ይላል ወንድሜ። እኔ ደግሞ አንቱታ ሲበዛ አጥር ነው እላለሁ። ድምፅዋስ! ድሮም ቀጭን ነበር፣ አሁን ጭራሽ ከንፈሯ ብቻ ሆኗል የሚንቀሳቀሰው። «ምን አልሽ?» ስላት ፈገግ ትልና «ምንም አይደል እትዬ» ትላለች። ምንም ያልሆነ ነገር ምን ያስፈግጋል? በዚህ ደብተር ስሟ ሹክሹክ ነው።

ዛሬ ስኮረኩም ብሩሿን አቁማ ታየኛለች። ቀና ስል ዓይኗን ሰበረች።

አባዬ በኋለኛው ዘመኑ ግንባሩን ገንቦው ላይ አስደግፎ ነበር የሚኮረኩመው። ደንበኞች ቆመው ያዩት ነበር፣ የሚጸልይ ነበር የሚመስለው። እኔም ዘንድሮ እንደ እሱ ጀምሬያለሁ። ድምፁ በአጥንት ሲገባ ይበልጥ ይጣፍጣል። ይሄ በዕድሜ የሚመጣ ነገር ነው፣ ለሹክሹክ አይገባትም።

ሐሙስ

እማዬ ጆሮዋ ከደከመ ቆይቷል። ስናናግራት እየጮህን ስለሆነ ምን እንደምንበላ ሰፈሩ ሁሉ ከእኛ ቀድሞ ያውቃል። ዛሬ ሬዲዮ እያዳመጥኩ መጣችና «ኧረ ቀንሺው፣ ራሴን አፈረሰው» አለችኝ። ደንቆሮዋ እኔን! ሳቄ መጣ። ቀነስኩላት። ከዚያ በኋላ የሚያወራው ሰውዬ አፉን ጥጥ የሞላ ይመስል ነበር፣ አጠፋሁት።

ዓርብ

ራት ላይ ወንድሜ አንድ ነገር ተናገረ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። በምን እንደሳቅን አላውቅም። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሹክሹክ አትስቅም፣ እኔን እያየች ነው።

በእኔ ነው የሳቁት ማለት ነው።

ቅዳሜ

ትናንት ኮርኩሜ ያሳለፍኳቸው ገንቦዎች ያሉበት መደርደሪያ ሳስቶ አገኘሁት። ወንድሜን «ሸጥክ እንዴ?» አልኩት። እሱ ነው ጭቃ የሚያመጣው፣ ዕቃ የሚያደርሰው። ራሱን ነቀነቀ፣ አልሸጥኩም ነው። ከዚያ ጫማውን ማሰር ጀመረ። የታሰረ ጫማ!

ከእቶኑ ጀርባ ወዳለው የገል ክምር ሄድኩ። እኔ የሰበርኩትን ገል አውቀዋለሁ፤ ድንጋይ ላይ አንዴ ነው የማሳርፈው፣ እስከ አጥሩ ይረጫል። እነዚህ ግን አንድ ላይ ተሰብስበው የተቀመጡ ናቸው፣ ረጋ ተብለው የተሰበሩ። አጠገባቸው የሸክላ ብናኝ የጠጣ ወፍራም ጨርቅ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ዳር ዳሩ በደንብ የተዘመዘመ። በዚህ ቤት ጨርቅ የሚዘመዝም ማን ነው?

በጨርቅ ጠቅልላ ነው የምትሰብራቸው። እኔ እንዳልሰማ!

እኔ ያሳለፍኩትን! የእኔን ፍርድ! ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ያለው ማን ነበር፣ እውነቱን ነው። ትዕዛዙ ጎድሎ ሴትዮዋ ስትሄድ ሁሉም በእኔ ያላክካሉ። ከበርጩማው ካነሱኝ ቤቱ የእነሱ ነው። በአባዬ ደም ያልመጣች ሴት በአባዬ በርጩማ ላይ።

እሁድ

ከወጥ ቤቱ በር ኋላ ቆሜ አደመጥኩ። አዎ፣ በገዛ ቤቴ። ያሳፍራል፣ ግን ግድግዳም ጆሮ አለው ይባል የለም እንዴ፣ እኔ ከግድግዳ ምን አነስኩ?

ወንድሜ ጀርባውን ሰጥቶኛል፣ ቁርጥራጭ ነው የደረሰኝ። «ድርሻዋን» አለ። በደንብ ሰምቻለሁ፣ ድርሻዋን። ሹክሹክ አንድ ነገር አለች፣ የሰማሁት «ሐኪም» የሚለውን ብቻ ነው። ወንድሜ ደግሞ «እኔ አልነግራትም፣ ይሰበራል» አለ።

ገጣጠምኩት። ሐኪም ጠርተው አእምሮዋ ተነክቷል ሊያስብሉኝ፣ ከዚያ ድርሻዬን ሊወስዱ። እስከዚያው ዕቃዬ ይሰበራል። አያያዜን አይተው ጭብጦዬን ሊቀሙኝ ነው።

ወንድሜ ግን? አባዬ ሲሞት በአንድ ጋቢ ተጠቅልለን ያለቀስን ወንድሜ? እሱን እንዲህ መጠርጠሬ ራሴን ያስጠላኛል። ግን ሰው ምን ያድርግ? ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው፤ አገር ምድሩ ስለ እኔ ሲያወራ የመጨረሻዋ ሰሚ እኔ ነኝ።

ማክሰኞ

ሩጫ። ጭቃው አልደርቅ አለ። እርጥበት።

ማንቆርቆሪያው ተቃጠለ። ውሃው አልቆ ግርጌው ፍም መሰለ። ወንድሜ ከግቢው ማዶ ሮጦ መጣ፣ «ሲያፏጭ አልሰማሽም እታለም?» አላፏጨም እኮ። የዘንድሮ ዕቃ!

ስልኩም ተበላሽቷል። ሴትዮዋ ደጋግሜ ደወልኩ ትላለች። አልጠራም።

ወፎቹም ጠፉ። ዝናቡ አባሯቸው ይሆናል። ዝናቡም ራሱ ዘንድሮ ቀስ ብሎ ነው የሚጥለው፣ ቆርቆሮው ላይ ድምፅ የለውም፤ ስወጣ ነው ግቢው መጥለቅለቁን የማየው።

ሐሙስ

ወጥመድ አጠመድኩ።

የሆቴሏን ገንቦዎች ሁሉ፣ ጭቃቸው ገና እርጥብ ሳለ፣ ግርጌያቸው ላይ በአውራ ጣቴ ጥፍር ጫን አደረግኩባቸው። ትንሽ ነው፣ ላላወቀው አይታይም። ከእቶን ሲወጡ እኮረኩማቸዋለሁ፣ ያለፉትን እደረድራለሁ፣ ከዚያ የጥፍሬ ምልክት ያለበት ገንቦ በማን እጅ እንደሚገኝ አያለሁ።

አባዬ ቢያየኝ ዓይንሽን አላይም ይለኝ ነበር። በእኛ ዕቃ ላይ ምልክት! ይህ ቤት ከቆመ ጀምሮ የመጀመሪያው ነው። አውቃለሁ። እጄ ራሱ እንቢ እያለኝ ነው ያደረግኩት። ግን እነሱ ናቸው እዚህ ያደረሱኝ።

ጋኑን ዛሬ ጨረስኩት። የልቤን ያደረሰ እንዲህ ያለ ዕቃ ከእጄ ወጥቶ አያውቅም። ትከሻው ሰፋ፣ ወገቡ ገባ፣ ከንፈሩ ወደ ውጭ ትንሽ ገልበጥ። ጭሱ አይቶ ጣቱን ነከሰ። ሹክሹክ እንኳን «እትዬ» አለችና የቀረውን ዋጠችው። ከገንቦዎቹ ተለይቶ ብቻውን ይነዳል። ገና ብዙ ቀን መድረቅ አለበት።

ረቡዕ

ገንቦዎቹ ከእቶን ወጡ። ኮረኮምኩ። ሁሉም ጮኹ ማለት ይቻላል። ጭሱ ፊቱን አጨፍግጎ ቆሞ ነበር። «ምነው፣ ደስ አይልም?» አልኩት። ትከሻውን ነቀነቀ። ደስ ያላለው ለምን እንደሆነማ አውቃለሁ፤ የሚሰበር አላገኘም።

ቅዳሜ

ዛሬ ያዝኳቸው።

ገበያ እሄዳለሁ ብዬ ወጣሁና ከአጥሩ ጥግ ዞሬ በጓሮ በር ገባሁ። ሹክሹክ በርጩማዬ ላይ ተቀምጣለች። ጭሱ ከመደርደሪያው እያወረደ ያቀብላታል። ወንድሜ በር በሩን ያያል። ሦስቱም! አንድ ገንቦ ኮረኮመች፣ ጆሮዋን ዘንበል አደረገች፣ ያንን ጨርቅ ስትዘረጋ ደረስኩባት። ነጥቄ ገለበጥኩት። ጥፍሬ አለበት።

«እጅ ከፍንጅ!» አልኩ። በጣም ጮኼ መሰለኝ፣ እማዬ ምርኩዟን ይዛ ከቤት ወጣች።

ያልኩትን ሁሉ አልደግመውም። «ከልብስ ሰፊ ቤት መጥተሽ የአባቴን ስም በጨርቅ ጠቅልለሽ ትሰብሪያለሽ?» ብያታለሁ። ለወንድሜም «ድርሻዬን ከፈለግክ ፊት ለፊት ጠይቀኝ! ሐኪም ምን አመጣው? እብድ ናት ልታስብለኝ ነው?» አልኩት።

አፉን ከፍቶ ቀረ። «የምን ድርሻ?»

«በጆሮዬ ሰምቻለሁ! እሁድ ዕለት፣ ወጥ ቤት! ድርሻዋን ስትል!»

ሚስቱን አየ፣ ጭሱን አየ፣ መሬቱን አየ። ከዚያ ወደ እኔ ተጠጋና ቃሉን አንድ በአንድ እየለየ፣ ለሕፃን እንደሚነገረው፣ «ጆሮዋን ነው ያልኩት እታለም» አለኝ። «ሐኪም ጆሮዋን ይይላት ነው ያልኩት። ንገራት ስትለኝ ደግሞ፣ እኔ አልነግራትም፣ ልቧ ይሰበራል አልኳት።»

ለሰሚው ግራ ነው። እግሬ ሥር ያለው መሬት ሲከዳኝ ተሰምቶኛል፤ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። «ጆሮዬ ምን ሆነ? ይኸውላችሁ ጆሮዬ!» ብዬ ገንቦውን መዳፌ ላይ አስቀመጥኩ፣ ግንባሬን አስደገፍኩ፣ ኮረኮምኩት። ጮኸ። እምላለሁ ጮኸ፣ ረዘም አድርጎ ጮኸ። «ሰማችሁ?» አልኩ። «ይሄ ነው የሚሰበረው? ይሄ?»

ጭሱ ባርኔጣውን አወለቀ። ሹክሹክ እንባዋን በቅብ እጇ ጠረገችና ፊቷ ሰማያዊ ሆነ።

እማዬ እየተጎተተች መጥታ ክንዴን ያዘች። ካልጮህንባት ስሟን የማትሰማው እማዬ። አፏን ወደ ፊቴ አስጠግታ «ልጄ» አለችኝ፣ «እኔ እንኳን ሰማሁት። ገል ነው።»

እሁድ

ምንም።

ማክሰኞ

ያንን ገንቦ ክፍሌ ወስጄ ውሃ ሞልቼ ጋዜጣ ላይ አስቀምጬው ነበር። ጋዜጣው ርሷል።

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ አሰብኩ። ጩኸቱን የምሰማው ከመምታቴ በፊት ነው። እጄ ሳይነሳ ድምፁ ጭንቅላቴ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይጠብቀኛል፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሰማሁት ስለሆነ ገንቦው ቢናገርም ባይናገርም እኔ እሰማለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ስል ሰው ያማኛል ለማለት ነበር። የገዛ ጆሮዬ ነው ለካ ባዳ የሆነብኝ።

እማዬ ገብታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አባትሽም እንዲሁ ነበር» አለች።

መጀመሪያ ስለ ሌላ ነገር የምታወራ መስሎኝ ነበር።

«ግንባሩን ለምን ያስደግፍ ነበር መሰለሽ? ጆሮው እንቢ ሲለው አጥንቱ ይሰማለት እንደሁ ብሎ ነዋ!»

«ታዲያ የተሰነጠቀውን ማን ይለይ ነበር?» አልኳት፤ ካልጮህኩባት ስለማትሰማኝ ደግሜ ጮህኩ።

«እኔ ነኛ! ቅብ ልቀባ ብዬ እወስዳቸውና ያልጮኸውን በጓሮ እሰብረው ነበር። በጨርቅ። ሴትዮዋ ዕቃ የመለሰች ዕለት ጨርቁን ለምራቴ ያሳየኋት እኔ ነኝ፣ እሷን አትውቀሻት። ያኔ ጆሮዬ የጉንዳን ኮቴ ይሰማ ነበር።» ነጠላዋን አስተካከለች። «እኔም ለዚህ ቤት ባዳ ነበርኩ እኮ። የዱቄት ነጋዴ ልጅ።»

«አባዬ አወቀ?»

«እስኪሞት አላወቀም። ቢያውቅ ይሞታል ብዬ ፈራሁ።»

«እኔንስ ለምን ነገራችሁኝ?»

«ማን ነገረሽ? አንቺ ያዝሽን እንጂ!» ብላ ሳቀች። ይህቺ ሴትዮ!

እኔም ሳቅኩ፣ ሳቁ ግን መሀል ላይ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠብኝ። ተናደድኩ። አባዬ እዚያ በርጩማ ላይ ተቀምጦ «ስማችን ድምፁ ነው» እያለ ደረቱን ሲነፋ ስሙን ይዛ ያቆመችለት እሷ ነበረች። ማንም ግን አልነገረውም። አዘኑለት። በገዛ ግቢው ውስጥ አዝነውለት ሞተ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አባዬን ልሆን ስፈልግ ነበር። ይህቺን ሐዘኔታ ግን አልፈልጋትም።

ዓርብ

ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። አስቀድሞ የሚሄደው ቀጭን ቀጭኑ ድምፅ ነው አለኝ፤ የወፍ፣ የማንቆርቆሪያ ፉጨት፣ ሹክሹክታ። «የገንቦስ?» አልኩት። ምን እንደምለው አልገባውም። ጆሮ ውስጥ የሚገባ የመስሚያ መሣሪያ አዘዘልኝ፣ ለወሬ ይረዳሻል፣ እንደ ድሮው ግን አያደርግሽም አለ። ወፎቹም አልሄዱም ማለት ነው። እዚያው ዛፉ ላይ ሆነው ለሌላ ሰው እየዘመሩ ነው።

ቤት ስደርስ ሹክሹክን ጠራኋት። ይቅርታ አልኳት። ብዙ አዘጋጅቼ ነበር፣ ከአፌ የወጣው ግን «ክፉ ሆኜብሻለሁ» የሚለው ብቻ ነው። አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። የአንገቷ ሽታ የቅብ ነው፣ የዚህ ቤት ሽታ። ከዚያ በርጩማውን አሳየኋት።

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። «ጮክ በይ» አልኳት።

«እርስዎ እያልኩ መጮህ አይሆንልኝም!»

«እንግዲያው አንቺ በይኝ።»

ዓይኗን ጨፍና፣ ወንዝ የምትሻገር ይመስል ትንፋሿን ሰብስባ፣ «አንቺ ባለሽበት እኔ እንዴት እዚያ እቀመጣለሁ!» ብላ ጮኸች። ጭሱ ከእቶኑ ማዶ እንጨቱን ጣለ። እኔ ሹክሹክ ያልኳት ሴት ጉሮሮዋ የገበያ ጠሪ ጉሮሮ ነው።

«ትቀመጫለሽ» አልኳት። «ከእንግዲህ ግን በጨርቅ የሚሰበር ነገር የለም። ያልጮኸ በድንጋዩ ላይ፣ በፊቴ። ለእኔ አዝነሽ አንድ ገንቦ ያሳለፍሽ ቀን ከዚያ በርጩማ የማነሳሽ እኔ ነኝ።»

ወንድሜ ሊስቅ ነበር፣ ፊቴን ሲያይ ተወው።

ሐሙስ፣ ዝናቡ ያቆመ ዕለት

ሴትዮዋ መኪናዋን ግቢ ውስጥ አቁማ ጠበቀች። ምረቃው ደርሷል፣ ፊቷ ላይ ችኮላም ጥርጣሬም አለ። አልፈርድባትም፣ እኔም ሰሞኑን ያንን ፊት ይዤው ከርሜ ነበር።

የወንድሜ ሚስት በርጩማው ላይ ተቀመጠች። (ያንን ስም ከእንግዲህ አልጽፈውም።) ካለፈው የተረፉትንና እንደገና የሠራኋቸውን ገንቦዎች አንድ በአንድ ኮረኮመች። የጮኸው ወደ መኪናው፣ ያልጮኸው ወደ ድንጋዩ። ሴትዮዋ መጀመሪያ ሲሰበር ደነገጠች፣ ቀጥሎ ሲሰበር ቀረብ ብላ ማየት ጀመረች። ከጥፍሬ ምልክት ጋር ያለፉት ዕድሜ ልካቸውን ሐሜቴን ተሸክመው ይኖራሉ፤ ይሁን፣ ይገባኛል።

በመጨረሻ ጋኑ ቀረ።

ትናንት ነው ከእቶን የወጣው። ቀለሙ ራሱ ወጥቶለት፣ ግቢውን ሁሉ አሳምሮት ቆሟል። ሴትዮዋ አይታው እጇን አፏ ላይ አደረገች። የወንድሜ ሚስት ተንበርክካ ኮረኮመችው። ጆሮዋን አስጠግታ ደገመችው። ሌላኛው ጎን ዞራ ኮረኮመችው።

እኔ ፊቷን ነው የማየው። ከእንግዲህ የማደምጠው በዓይኔ ነው። ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ «ምን አልሽ?» ስላት «ምንም አይደል እትዬ» የምትልባት ፈገግታ ናት። እማዬ ለአባዬ ዕድሜዋን ሙሉ ፈገግ ያለችለት እንደዚያ ሳይሆን አይቀርም።

ልቤ እንዴት እንደለመናት! አሳልፊው ብሎ ለመናት። ቢያነባ የሚያነባው እዚያ ሩቅ አዳራሽ ነው፣ እኔም አልሰማም አላይም፣ ቆንጆ ሆኖ ይቁም። ይህን ሁሉ አሰብኩ፣ አልክድም።

«ጮክ በይ» አልኳት።

«በጣም ነው የሚያምረው!»

«ማማሩንማ አያለሁ፣ ዓይኔ ደህና ነው። ምን አለ?»

ፈገግታው ከፊቷ ወረደ። ተነሳች፣ ፊት ለፊቴ ቆመች፣ እንባዋ እየወረደ፣ ባላት ጉሮሮ ሁሉ፦ «አልጮኸም!»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

ፈራጁ ይሰብራል። ብቻዋን ግን ሊነሳላት አልቻለም፣ ከባድ ነው፣ ጭቃውን ሳልሰስት ነበር የሠራሁት። ጭሱ ሊያግዛት ሲመጣ በእጄ መለስኩት። አንዱን ጎን እኔ ያዝኩ፣ አንዱን እሷ። ድንጋዩ ድረስ ተሸክመነው ሄድን፣ ከወገባችን በላይ አነሳነው፣ ዓይን ለዓይን ተያየን፣ ለቀቅነው።

ሴትዮዋ አንድ ነገር ተናገረች። ወንድሜ ወደ ፊቴ ዞሮ ደገመልኝ፦ «ጋኑን እጠብቃለሁ፣ ምረቃው ቢያልፍም ከእናንተው ነው የምወስደው ነው የምትልሽ።»

የእሷን አልሰማሁም። የጋኑን ግን ሰማሁት።